ለታሰረ አይነፋም

ጋሽ ደምሴ መሞቱን የነገረኝ ስልኬ ነው። የዛሬዎቹ የእድራችን ልጆች ጡሩምባውን ሰቅለው በስልክ ጽሑፍ መላክ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ኪሴ ውስጥ አንድ ጊዜ ንዝር አለ፤ መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩት። «አቶ ደምሴ ወልደ ሰንበት ስላረፉ ነገ በስድስት ሰዓት ለቀብር እንድትገኙ።» በቃ፣ ይኸው ነው። የኮልፌን ሰው ስንት ዘመን ሙሉ ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ ወደ ቀብር ያስወጣ ሰው፣ የራሱ ሞት ኮሽ ሳይል መጥቶ አለፈ።

ተናደድኩ። የተናደደ ሽማግሌ ሌላ ሥራ ከሌለው ይጽፋል። እኔ ደግሞ መጻፍ አያቅተኝም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለንፋስ መከላከያ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ፊደል ለይቼ፣ የሰፈሩን አቤቱታ ሁሉ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሙያዬ አናጢነት ነው፤ በደርግ ዘመን የእድራችን ጸሐፊም ነበርኩ። ስለ ጋሽ ደምሴ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ለእሱ እተውለት ነበር። አፈላልጌ አጣሁ።

ጋሽ ደምሴ አጠና ተራ ባሕር ዛፍ ይሸጥ ነበር። እንጨት ከመሸከም ብዛት ቀኝ ትከሻው ከግራው ወርዶ ስለነበር ሲራመድ ሁልጊዜ ለጎኑ ሰው ምስጢር ሊነግር ያዘነበለ ይመስላል። ምስጢር ግን የሚሆንለት ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅም። «እንደምን አደርክ» ሲል ማዶ ያለ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። አንድ ጊዜ ንስሐ ሊገባ ሄዶ የንስሐ አባቱ «አንተ ሰውዬ፣ ኃጢአትህን ለእኔ ንገረኝ አልኩህ እንጂ ለምእመናኑ ስበክ አልኩህ?» ብለው አስነሡት ይባላል። እሱን ስጠይቀው ግን «ቅናት ነው፤ የሳቸው ድምፅ ከመቅደስ አይወጣም» አለኝ።

እድሩ ጡሩምባ ነፊ ያደረገው በዚህ ድምፁ ነው። ጡሩምባውን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በአመድ ይወለውለዋል፤ ጠጅ ሲቀምስ ስለ እሱ ያወራል፤ ሲጣላም በእሱ ይምላል። መጣላት ደግሞ ይወድ ነበር። ከእኔ ጋር ያልተጣላንበት ነገር የለም ማለት እችላለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሸነፍኩትም እኔ ነኝ።

አንድ ልማድ ነበረው። ሰው ሞተ ተብሎ ሲጠራ፣ ጡሩምባውን ከማንሣቱ በፊት ሞተ የተባለው ሰው ቤት ይገባና የሬሳውን እግር በእጁ ይነካል። ዝም ብሎ ይነካና ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው የሚነፋው። ይህን ልማድ ያመጣው ከእሱ በፊት የነበረው ነፊ ባደረሰው ጥፋት ነው። ያ ሰው አንዲት አሮጊት ሞቱ ሲሉት ሳያይ ነፋ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየመታ ሲገባ አሮጊቷ ከአልጋቸው ቀና ብለው «እናንተ፣ ማን ሞቶ ነው?» አሉ። ሰፈሩ ሳቀ፤ አሮጊቷ ግን ከድንጋጤው አላገገሙም፣ በዚያው ሰሞን አረፉ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲያወራ አይስቅም ነበር። «ጡሩምባ የተናገረውን መልሶ አይውጥም፤ እግሩን ሳልነካ አልነፋም» ይላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አማርኛ ሰው ስለመታሰሩ ለመናገር ቃል አያጣም። እኔ ይህን አጥንቻለሁ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው ሲኖሩ «ቁራኛ» ይባል ነበር። መኳንንቱ ሩቅ አገር ሲጋዙ «ግዞት»፣ ብረት እግር ላይ ሲገባ «እግረ ሙቅ»፣ የመንግሥት እስር ቤት «ወህኒ»፣ ጣሊያን መጥቶ ሲሄድ ደግሞ «ከርቸሌ»ን ትቶልን ሄደ። «ዘብጥያ ወረደ» የሚልም አለ። ከሁሉም በላይ ግን «ታሰረ» አለ። ሕፃን የሚያውቀው፣ ለበሬም ለነዶም የምንለው ቃል።

ያ የሽብር ዘመን ሲመጣ ኮልፌ ይህን ቃል ተወው። በየቤቱ ሰው እየተወሰደ «ታሰረ» የሚል ጠፋ። «ሄደ» እንል ነበር። «ገባ» እንል ነበር። «ያ ልጅ የለም አሉ» ይባላል፣ ሰሚው ይገባዋል፣ ወሬው ወደ ጨው ዋጋ ይዞራል። «ታሰረ» ካልክ ማን አሰረው ይመጣል፤ ማን አሰረው ካልክ ለምን ይከተላል፤ ለምን ካልክ ደግሞ አንተም ትሄዳለህ።

ሾፌሩን መኮንንን የወሰዱት በዚያን ጊዜ ነው። መኮንን የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ብዙ የማይናገር፣ በበዓል ለጎረቤት ልጆች ከአሰብ መንገድ ተምር የሚያመጣ ሰው ነበር። ሚስቱ ዘነቡ ኮልፌ ገበያ በርበሬ ትነግዳለች። ጠዋት የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች መጡ፤ «ለአጭር ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አሉ። መኮንን ጃኬቱን እንኳ አልያዘም።

በማግስቱ ቦኖ ውሃ ተሰልፈናል። ዘነቡ እንስራዋን ይዛ ስትመጣ ሰልፉ ዝም አለ። አንዷ ጎረቤት ወደ እሷ ሳታይ «መኮንን ሄደ አሉ፣ አይዞሽ» አለቻት በሹክሹክታ። ዘነቡም መሬት እያየች «አዎ፣ ሄደ» አለች።

ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ከመንገዱ ማዶ አጠናውን ተሸክሞ እያለፈ ነበር።

«ዘነቡ!» አለ። «መኮንንን የት አሰሩት?»

የሚቀዳው ውሃ ሞልቶ ይፈሳል፣ የሚዘጋው የለም።

«ጋሼ፣ በእመቤቴ፣ ቀስ ይበሉ!» አለች ዘነቡ።

«ምን ቀስ እላለሁ? ሰርቆ ነው? ታስሯል! የታሰረ ሰው ስንቅ ይፈልጋል፣ ልብስ ይፈልጋል። የት እንዳለ ካወቅሽ ንገሪኝ፣ ካላወቅሽ እንጠይቅ።»

ሰልፉ ተበተነ። ግማሹ ባዶ እንስራ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ግን ውሃዬን ቀድቼ ነው የሄድኩት።

ያን ቀን ሳይመሽ ሱቄ መጣ፤ ወንበር እያበጀሁ ነበር። እንደ ወዳጅ መከርኩት። ቃል እንደ ጊዜው እንደሚለበስ፣ «ሄደ» ማለት የፈሪ ንግግር ሳይሆን የጥንቃቄ ንግግር እንደሆነ በሚገባ አስረዳሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ መጋዙን አንሥቶ እያገላበጠ እንዲህ አለኝ፦

«ጸሐፊው፣ አንተ ያነበብክ ሰው ነህ። የሄደ ሰው ራሱ በእግሩ ይመለሳል፣ ማንም አይፈልገውም። የታሰረ ሰው ግን ራሱን አይፈታም። ሌላ ሰው ነው የሚፈታው። ሄደ ካልነው ማን ሊፈታው ነው?»

መልስ ነበረኝ፤ ግን ድምፁ እስከ ቀበሌ ይሰማል ብዬ ሱቁን ዘጋሁት።

ዘነቡ የት እንዳለ አገኘችው። ከቀበሌው በላይ ባለው በከፍተኛው እስር ቤት ነው አሏት። ከገበያ በፊት ስንቅ ይዛ በር ላይ ትሰለፋለች፤ ምግቡ ይገባል፣ ሳህኑ ይወጣል፤ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ከወጣ ባሏ በልቷል ማለት ነው። እንዲህ እያለ ሰነበተና አንድ ቀን የበሩ ጠባቂ ዝርዝሩን አይቶ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» አላት። «የት ሄደ?» «የለም አልኩሽ፣ ዞር በይ።» ሌላ እስር ቤት ሄደች፤ የለም። ከዚያም ሌላ። በዚያ ዘመን «እዚህ የለም» የተባለች ሚስት ምን እንደተባለች ሁሉም ያውቃል። ግን የሚለቀስበት ጊዜ አልነበረም፤ የሞተውን ልጁን አለቀስክ ተብሎ የገባ አባት በሰፈራችን ነበር።

ሽብሩ ረገብ ሲል ዘነቡ በሁለት ዓለም መካከል ቆማ ቀረች። ጥቁር እንዳትለብስ ባሏ አልሞተም፤ ሠርግ እንዳትሄድ ባሏ የለም። የመኮንን እናት ሰላሌ ናቸው፤ በመንገደኛ «ልጄን ላልቅስለት ወይስ ልጠብቀው? አንዱን ንገሪኝ» ብለው ይልኩባታል። የምትመልሰው ጠፍቷት መልእክተኛውን ምሳ አብልታ ትሸኘዋለች። አንዳንዴ ገበያ መካከል በርበሬ እየሰፈረች እጇ ቆሞ ይቀራል፤ ደንበኛ «ኧረ ሴትዮ» ብሎ ያነቃታል።

በመጨረሻ እድሩ አዘነላት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብንና የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረየስ፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ነገሩን አነሡት።

«ይቺ ልጅ እርሟን ታውጣ። ድንኳን እንትከልላት፣ ታልቅስ፣ ይውጣላት። ከዚያ በኋላ ኑሮዋን ትኑር። ምን ትላላችሁ?»

ሁላችንም «ይሁን» አልን። ዘነቡ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። እርም ማውጣት ትልቅ ነገር ነው። ሬሳው ርቆ ለቀረ ሰው አባቶቻችን ያቆዩልን መላ ነው።

«እንግዲህ ደምሴ፣ ነገ ጠዋት ትነፋለህ» አሉ አቶ ገብረየስ።

«አልነፋም።»

«ምን አልክ?»

«እግሩን አልነካሁም።»

«ወንድሜ፣ እግሩን ከየት አምጥተን እናስነካህ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ሞተ ያለኝ ሰው የለም። ታሰረ ሲሉኝ ሰምቻለሁ፤ ተፈታ ሲሉኝ አልሰማሁም፤ ሞተ ሲሉኝም አልሰማሁም። እንግዲህ ታስሯል። ለታሰረ አይነፋም።»

እኔ ተነሣሁ። በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር። የታሰረና የጠፋ እንደሚለያይ፣ ድምፁ ከተቋረጠ በኋላ ሰውን ታስሯል ማለት ቃሉን ያለ ቦታው መጠቀም እንደሆነ ተናገርኩ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት አሉ። ጋሽ ደምሴ «አንተ ቃሉን ታውቀዋለህ፣ እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ» ብሎኝ ተቀመጠ። ከወንዶቹ አንዱ «ካልነፋህ ጡሩምባውን አስረክብ!» ብሎ ጮኸበት። ተነሥቶ ጡሩምባውን አቶ ገብረየስ ፊት አስቀመጠና ወጣ። እንደዚያ የሚወደውን ጡሩምባ። ሌላ የሚነፋ ስላልተገኘ ለቅሶው ሳይደረግ ቀረ።

በማግስቱ ለጣሪያ የሚሆን አጠና ፈልጌ እሱ ዘንድ ሄጄ ሳለሁ ዘነቡ መጣች። ትጮህበታለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም።

«ጋሼ፣ እኔ ደክሞኛል» አለችው። «ሞቷል ብዬ ልቤን አስጨክኜ ነበር። ለለቅሶም ተዘጋጅቼ ነበር። እርስዎ ታስሯል ሲሉ መልሰው አቆሙኝ። ዛሬ ሲነጋ ምን እንዳደረግሁ ያውቃሉ? ሸሚዞቹን አውጥቼ አጠብኩ። ይመጣል ብዬ። እንደዚህ መኖር አልችልም። ወይ ይንፉልኝ፣ ወይ ያምጡልኝ።»

ጋሽ ደምሴ የያዘውን አጠና ግድግዳ ላይ አስደገፈ።

«እጠይቃለሁ» አለ።

«ማንን?»

«ያሰረውን።»

ኮቱን ለበሰና ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አመራ። አብሬው ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ ግን ቆምኩ፤ ነገሩ ቢበላሽ ያየውን በትክክል የሚናገር አንድ ሰው ውጭ መቆየት አለበት ብዬ ነው። ለመስማት መግባት አያስፈልግም ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወጣት ሰው ነበር። የእድራችንም አባል ነበር፤ እናቱ ሲያርፉ የነፋላቸው ጋሽ ደምሴ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የመጣሁት ለእድር ጉዳይ ነው» ሲል ሰማሁት። «አንተም እድርተኛ ነህ። ሾፌሩ መኮንን ታስሯል ወይስ ሞቷል? ታስሮ ከሆነ ስንቅ እንላክለት። ሞቶ ከሆነ ልንፋለት። አንዱን ንገረኝና ልሂድ።»



«ጋሽ ደምሴ፣ ያ ሰው ሄዷል» አለ ሊቀመንበሩ።

«የት ሄደ?»

«ድምፅዎን ይቀንሱ።»

«ድምፄ ይኸው ነው። እናትህን በዚሁ ድምፅ ነው የቀበርኩልህ። የት ሄደ?»

ከዚያ በኋላ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ፤ ሌላ ሰው ጮኸ፤ በሩ ተዘጋ። ጋሽ ደምሴ አልወጣም። ጥቂት ቀን ቀበሌው ካቆየው በኋላ ወደ ከፍተኛው አዛወሩት።

አሁን የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ሚስቱ እትዬ ሙሉ ባዛወሩት ማግስት ቦኖ ውሃ መጣች። «ጋሽ ደምሴ ምነው አልታየም?» አላት አንድ ሰው፣ እያወቀ። እትዬ ሙሉ እንስራዋን አስቀመጠችና «ባሌ ታስሯል» አለች፤ ጮክ ብላ፣ በባሏ ድምፅ ማለት ይቻላል። «ከፍተኛው ነው ያለው። ነገ ስንቅ ይዤ እሄዳለሁ።» ሰልፉ ላይ የነበረች አንዲት ሴት «የእኔም ወንድም ታስሯል» አለች። ሌላዋም ቀጠለች። ያ ቃል እንደዚህ ተመልሶ ኮልፌ ገባ። ሰው ሲገናኝ «የታሰረው እንዴት ነው?» ይባባል ጀመር፤ «ስንቅ ገባለት?» ይባባል ጀመር። አጠና ተራ ያሉት ሸካሚዎች ተራ ገብተው ስንቅ ያመላልሱ ነበር። በሩን የምታውቀው ግን ዘነቡ ናት። ለእትዬ ሙሉ «በሶ አይከለክሉም፣ ወጡን ግን ያፈሱታል፤ የትኛው ዘበኛ ጨዋ እንደሆነ እኔ አሳይሻለሁ» እያለች አብራት ትሰለፍ ነበር። ባሏ «የለም» የተባለበት በር ላይ ተመልሳ ቆመች።

ጡሩምባውስ? ጡሩምባውን ወሰድኩት። ሁሉን በራሴ የተማርኩ ሰው ይህን አያቅተኝም ብዬ ቆሼ አቅጣጫ ሜዳ ላይ ወጥቼ ተለማመድኩ። የመጀመሪያውን ቀን ስነፋ ሰው አልወጣም፤ በኋላ ስጠይቅ «አህያ መሰለን» አሉኝ። አሁንም ቢሆን ጥሩ ነፋሁ ነው የምለው። ሰዉ የለመደው የእሱን ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ተፈታ። እኔ ያን ቀን የዘነቡን በር እየጠገንኩላት ነበር። ቀና ስል በሩ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ቆሟል። ፂሙ አገጩን ውጦታል፤ አንድ እግሩን ያነክሳል። በትከሻው ነው ያወቅኩት። ቤቱ ሳይገባ፣ ሚስቱን ሳያይ ነው የመጣው።

ዘነቡ ከጓዳ ወጣች። አየችው። «ይግቡ» አላለችውም።

ራሱ ገባና ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«ከድር ይባላል» አለ። «እዚሁ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ የነበረ፣ ታውቂው ይሆናል። ከመኮንን ጋር አንድ ሰሌን ላይ ነው የተኙት። ገብቼ የመኮንንን ስም ያልጠየቅኩት እስረኛ የለም፤ እሱን ያገኘሁት በኋላ ነው። መኮንንን የጠሩት ዕለት ‹ዕቃህን ተወው› አሉት። ዕቃህን ያዝ ያሉት ሰው ወደ ሌላ እስር ቤት ይሄዳል። ተወው ያሉት ግን . . .»

«ገብቶኛል» አለች ዘነቡ።

«ሊነጋጋ ሲል ከድርንና አንድ ሌላ እስረኛ አስነሥተው ሬሳውን እስከ መኪናው አሸከሟቸው። በራስጌ የያዘው ያኛው ነው። በእግሩ በኩል ከድር ነው።» ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ አያቸው። «የከድርን እጅ ያዝኩት፣ ዘነቡ። ከዚያ የበለጠ አልቻልኩም።»

መዶሻዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ላስቀምጠው አልቻልኩም።

«ጫማ አድርጎ ነበር?» አለች።

«አልነበረውም አለኝ።»

«እግሩ ይበርደው ነበር። መኪና ውስጥ እንኳ ይበርደኛል ይል ነበር።» ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ከዚያ ቀና አለች። «እንግዲያው ይንፉ፣ ጋሼ።»

ጡሩምባውን ከቤቴ አምጥቼ ሰጠሁት። አቶ ገብረየስ «የቀበሌ ፈቃድ ሳይኖር? ዛሬ ተፈትተህ ነገ ልትገባ ነው?» ብለው ለመኑት። «ለሞተ ሰው ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም» አላቸው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የኮልፌ ሰው የሚያውቀውን ጡሩምባ ሰማ። ብዙ ሰው በሩን ከፍቶ የወጣው ማን እንደሞተ ለመስማት ሳይሆን ጋሽ ደምሴ መፈታቱን ለማረጋገጥ ነው። እሱም በየመንገዱ መታጠፊያ እየቆመ፣ እግሩን እየጎተተ፣ እንዲህ አለ፦

«እድርተኛ! ሾፌሩ መኮንን ታስሮ ሞቷል! ቀብር የለውም፣ ለቅሶ አለው! እድርተኛ፣ ወደ ዘነቡ ቤት ውጡ!»

እንዲህ ያለ አዋጅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልሰማሁም።

ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይጎርፍ ጀመር። በዚያ ዘመን በራሳቸው ቤት ማልቀስ ያልተፈቀደላቸው እናቶች ሁሉ መጡ። የመኮንንን ስም እየጠሩ የየራሳቸውን ልጅ ያለቅሳሉ። ከድንኳኑ ውጭ የሚቆም ሰው እስኪበዛ ድረስ መጡ።

ረፋዱ ላይ ከመንገዱ ዳር ያሉት ሰዎች ዝም አሉ። ዝምታው ወደ ውስጥ ገባ። ሊቀመንበሩ ነው፤ ሁለት ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ከኋላው አሉ። ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ጋሽ ደምሴ ከወንዶቹ መካከል ተነሣና ኮቱን ቆለፈ፤ ሊሄድ ማለት ነው። እትዬ ሙሉ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዘነቡ ግን ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ፊቷ አብጦ ዓይኗ አይታይም።

«ግባ» አለችው።

ሊቀመንበሩ አልተነቃነቀም።

«ግባ እንጂ። እኔ አልጠራሁህም፣ እድሩ ነው የጠራህ። እድርተኛ አይደለህም? ጠመንጃውን ውጭ ተወውና ግባ።»

ወደ ኋላው አየ። ወደ ጋሽ ደምሴ አየ። ከዚያ ለጠባቂዎቹ በእጁ ምልክት ሰጣቸውና ብቻውን ገባ። ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከአጠገቡ የነበረው ሰው ተጠጋለት።

ዘነቡ ፊቱ ቆማለች።

«የት ቀበራችሁት?»



«አላውቅም፣ እትዬ ዘነቡ» አለ።

«አታውቅም?»

«በእናቴ ሞት አላውቅም።»

«እንግዲያው አብረኸን አልቅስ» አለችውና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ጋሽ ደምሴ የኮቱን ቁልፍ ፈታ። ከንፍሮው ሳህን አንድ እፍኝ ዘገነና ድንኳኑን አቋርጦ ሄዶ ሊቀመንበሩ እጅ ላይ አደረገለት። «እንካ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አለው። አጠገቡም ተቀመጠ። ሴቶቹ ጀመሩ፤ ለቅሶው ከቅድሙ ይልቅ ከፍ ብሎ ወጣ። ሊቀመንበሩ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አቀርቅሯል። አልቅሶ እንደሆነ ብዙ ሰው በኋላ ጠይቆኛል። እኔ አስተዋይ ነኝ፤ በሰፈሩ ውስጥ የሆነ ነገር አያመልጠኝም። ያን ጊዜ ግን አላየሁም። የራሴ ዓይን ሞልቶ ነበር።